የጋላቢ ስንቅና የቁምሳጥን ድንኳን

ሰው ለመንገድ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስንቁ ነው። አያቶቻችን በሶና ቆሎ በስልቻ ቋጥረው፣ ውሃ በቅል ሞልተው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሲወጡ የሚጠይቁት ‹‹ምን ይበቃኛል?›› ብለው ነበር። ዛሬ ባለጸጋ በሚባሉት አገሮች ጥያቄው ተገልብጦ ‹‹ገና ምን ይቀረኛል?›› ሆኗል። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነን ደግሞ፣ ነገሩ እንግዳ ቢመስልም፣ ጓዝን ማቅለል ዋና ዓላማው የሆነ አንድ የመዝናኛ ዓይነት ነው።

በእንግሊዝኛ ‹‹ባይክፓኪንግ›› ይሉታል። ትንሽ ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ማብሰያና ጥቂት ቅያሪ ልብስ ብስክሌት ላይ አስሮ፣ ከአስፋልት ወጥቶ፣ በጫካና በተራራ ጥርጊያ መንገድ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት መጓዝ ነው። ከካናዳ ተራሮች ተነሥቶ በአሜሪካ በኩል እስከ ሜክሲኮ ድንበር የሚዘልቀው፣ ከ4 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ‹‹ግሬት ዲቫይድ›› የተባለው መስመር በዚህ ጉዞ የታወቀ ነው። ጓዙ በብረት መጫኛ ላይ አይከመርም፤ ከኮርቻው ሥር፣ ከመሪው ፊትና በብስክሌቱ አካል መሃል ባለው ክፍት ቦታ በልክ በተሰፉ ከረጢቶች ይታሰራል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ዕቃው ትንሽ፣ ዳገቱ ብዙ ስለሆነም ቀላል መሆን አለበት። በእግር የሚጓዙትም ሕጋቸው ይኸው ነው። እያንዳንዱን ዕቃ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝናሉ። ምግብ፣ ውሃና ነዳጅ ሳይቆጠር ጓዙ ከ4 ኪሎ ተኩል በታች የሆነለት ሰው ‹‹እጅግ ቀላል›› ከሚባሉት ተርታ ይሰለፋል። ክብደት ለመቀነስ የጥርስ ብሩሻቸውን እጀታ ቆርጠው የሚጥሉም አሉ። (ሲዋክን ቢያውቁት ኖሮ ከዚህ ድካም በዳኑ!)

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይምሰለን። እ.ኤ.አ. በ2017 ስምንት የብሪታኒያ ሙስሊሞች ለሐጅ ከለንደን ተነሥተው በብስክሌት ወደ መዲና ተጉዘዋል። ከ2021 ወዲህ በዚያው አገር ‹‹ሙስሊም ሃይከርስ›› በሚል ስም ተራራ የሚወጡ ወንድሞችና እህቶች በርክተዋል። በውጭ የሚኖሩ የአገራችን ልጆችም ከዚህ ዓይነቱ ጉዞ አይጠፉም ብዬ እገምታለሁ። እዚሁ አዲስ አበባ እንኳ በዕረፍት ቀን ወደ እንጦጦ፣ ወደ መናገሻ ሱባና ወደ ወንጪ የሚወጡ ቡድኖች በዝተዋል። የጀርባ ቦርሳውና የተራራ ጫማውም አብሮ እየመጣ ነው።

ጉዞውን በራሱ የምንነቅፍበት ምክንያት የለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ዐንከቡት 20ኛው አንቀጽ በምድር ላይ ተጉዘን ፍጥረትን እንዴት እንደጀመረ እንድንመለከት ያዝዘናል። ከተማ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ወጣት የፈጅርን ሶላት ከተራራ ጫፍ ላይ ሰግዶ፣ ፀሐይ ስትወጣ ቢመለከት የሚያተርፈው እንጂ የሚያጎድለው ነገር አይኖርም። የሚያነጋግረን ጉዞው ሳይሆን ግዢው ነው።

ቅለት ዋጋ አለው። ‹‹ዳይኒማ›› ከሚባለው ጠንካራ ክር የሚሠራውና ቀድሞ ለውድድር ጀልባዎች ሸራ ይውል የነበረው ስስ ጨርቅ ዛሬ ድንኳን ይሰፋበታል። እንዲህ ያለው ድንኳን ከ600 ዶላር በላይ መሸጡ የተለመደ ነው። የሻይ ኩባያው ከቲታኒየም፣ የድንኳኑ ምሰሶ ከካርቦን ይሠራል። ገዢው የሚከፍለው ለሚያገኘው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ለሚቀነስለት ግራምም ጭምር ነው። ግራም ደግሞ ማለቂያ የለውም። አምና ‹‹ከሁሉ የቀለለ›› ተብሎ የተገዛው ድንኳን ዘንድሮ 50 ግራም የሚቀንስ ሌላ ሲመጣ በአንድ ሌሊት ‹‹ከባድ›› ይሆናል። ድንኳኑ አልተቀደደም፤ አላፈሰሰም። የተለወጠው የባለቤቱ ዓይን ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ጉዞው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግዢው ግን በየወሩ ይሆናል። ብስክሌቱ ቀለለ፤ ቤቱ ግን ከበደ። ቁምሳጥኑ ውስጥ ሦስት ድንኳን፣ አራት የመኝታ ከረጢት፣ የማይቆጠር ከረጢትና ማሰሪያ ተከምሮ ይገኛል። ጥቂት ይዞ ለመውጣት ብዙ መግዛት! ከዚህ በላይ የሚያስገርም ነገር ምን አለ?

ይህ ሁሉ ለጉዞው የግድ ነው እንዳንል ታሪክ ይመሰክርብናል። እንግሊዝ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ቶማስ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1884 ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ፣ የፊት ጎማው ግዙፍ በሆነው በዚያ በጥንቱ ብስክሌት ዓለምን ሲዞር የያዘው ካልሲ፣ አንድ ቅያሪ ሸሚዝ፣ ድንኳንም መኝታም የሚሆነው የዝናብ ካፖርትና ሽጉጥ ነበር። በቱርክና በፋርስ በኩል አልፎ እ.ኤ.አ. በ1886 መጨረሻ ዮኮሃማ ደረሰ። የአሜሪካዋ አሮጊት ኤማ ጌትዉድ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። የ11 ልጆች እናት የሆኑት እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ ከጆርጂያ እስከ ሜይን የሚዘልቀውን ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የአፓላችያን መንገድ ብቻቸውን በእግራቸው ጨረሱት። የለበሱት ተራ የሸራ ጫማ ነው። ትከሻቸው ላይ ያንጠለጠሉት በእጃቸው የሰፉት ከረጢት ነው። ለብርድ አንድ የወታደር ብርድ ልብስ፣ ለዝናብ የመታጠቢያ ቤት የፕላስቲክ መጋረጃ ነበራቸው። ድንኳን የሚባል አልያዙም። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግመው ሄዱበት። ዛሬ ስለ ቅለት የሚከራከሩት ሰዎች ስማቸውን በክብር ያነሳሉ፤ አነሡት ማለት ግን ተከተሏቸው ማለት አይደለም።

ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። ቡኻሪ እንደዘገቡት አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ሐጅ ያደረጉት በተራ የግመል ኮርቻ ላይ ተቀምጠው ነው። ዘጋቢው ወዲያው አስከትሎ አነስ ስስታም እንዳልነበሩ ይናገራል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሐጅ ያደረጉት እንዲሁ በኮርቻ ላይ ሆነው፣ ያችው ግመል እርሳቸውንም ጓዛቸውንም ተሸክማ እንደነበር አነስ ይነግሩናል። ለጓዝ የተለየ ግመል አልነበረም። አንድ መጓጓዣ ሰውዬውንም ስንቁንም ይዞ ሄደ፤ የዛሬዎቹ ባለ ብስክሌቶች እንደ አዲስ ግኝት የሚያወሩት ነገር ማለት ነው። እኔን የሚመስጠኝ ግን ‹‹ስስታም አልነበሩም›› የምትለዋ ማስታወሻ ናት። ዘጋቢው ሰው ይህን ሰምቶ ‹‹ገንዘብ ሰስተው ነው›› እንዳይል ፈራ። መግዛት የሚችል ሰው ሳይገዛ ሲቀር ምክንያቱ ስስት ላይሆን እንደሚችል፣ በዚያ ዘመንም ማብራሪያ ያስፈልገው ነበር።

ከሁሉ በላይ ሊያስጨንቀን የሚገባው ግን የሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ነገር ነው። ኢብን ማጃህ እንደዘገቡት ሰልማን ሞት አፋፍ ላይ ሳሉ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ሊጠይቋቸው ገቡና ሲያለቅሱ አገኟቸው። ለምን እንደሚያለቅሱ ጠየቋቸው። ሰልማንም ዱንያን ወደው ወይም አኺራን ጠልተው እንዳልሆነ ነገሯቸው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዱንያ የእያንዳንዳቸው ድርሻ እንደ ጋላቢ ስንቅ ያህል እንዲሆን ቃል እንዳስገቧቸውና እርሳቸው ግን ከልኩ ያለፉ መስሎ እንደታያቸው ተናገሩ። የተዉት ንብረት ምን ያህል ነበር? ሃያ ከምናምን ዲርሃም! በሌላ ዘገባ በዙሪያቸው የነበረው አንድ የማጠቢያ ዕቃ፣ አንድ ገበታና አንድ የውዱእ ዕቃ ነው።

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ሰልማን ያለቀሱት በኮርቻ ላይ ስለ ጫኑት ጓዝ አልነበረም። ቤታቸው ውስጥ ተኝተው፣ ቤታቸው ውስጥ ያለውን ዕቃ እየቆጠሩ ነው። የጋላቢ ስንቅ ለእርሳቸው የጉዞ መለኪያ ብቻ አልነበረም፤ የቤታቸው መለኪያ ነበር። የዛሬው ሰው ይህን ገለበጠው። ዓመቱን ሙሉ በዕቃ ተከቦ ይኖርና ለአምስት ቀን ብቻ እንደ መንገደኛ ይሆናል። ለአምስቱ ቀን ቅለት ሲል ደግሞ በሦስት መቶ ስድሳው ቀን ክምር ላይ ሌላ ክምር ይጨምራል። ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ከረጢቱ ብቻ ነው፤ ቁምሳጥኑን ማንም አይመዝነውም።

‹‹ታዲያ ወንድማችን በነጠላ ጫማና በፕላስቲክ መጋረጃ ተራራ እንውጣ ነው የምትለን?›› የሚል አይጠፋም። አይደለም። ዝናብና ነፋስ አብረው ሲመጡ ሰውን የሚገድለው ብርድ የግድ ውሃ የሚያረጋ ብርድ መሆን የለበትም፤ ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ሳለም የረጠበ ሰው ይሞታል። በባሌ ሳነቴ አምባ፣ ከ4 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እዚያ ለሚያድር ሰው ጥሩ የመኝታ ከረጢት ቅንጦት አይደለም። ነፍስ አማና ናት። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) እንደነገሩን የየመን ሰዎች ‹‹እኛ በአላህ ተመኪዎች ነን›› እያሉ ያለ ስንቅ ወደ ሐጅ ይመጡና መካ ሲደርሱ ሰው ይለምኑ ነበር። በሱረቱል በቀራ 197ኛው አንቀጽ ስንቅ እንዲይዙ የታዘዙት፣ ከስንቅም ሁሉ በላጩ አላህን መፍራት መሆኑ የተነገራቸው በዚህ ምክንያት ነው። ተወኩል ማለት በሌላው ሰው ድንኳን መተማመን አይደለም። ድሃ ሊገዛው የማይችለውን ባለጸጋ ቢገዛም ወዲያው ኢስራፍ ነው አይባልም። ሱረቱል ፉርቃን የአር-ረሕማንን ባሮች ሲያወሳ የማያባክኑም የማይሰስቱም፣ በመካከል የጸኑ መሆናቸውን ይገልጻል።

እንግዲህ ወሰኑ የት ነው? በእኔ አስተያየት በዋጋው ላይ አይደለም። ስድስት መቶ ዶላር የወጣበት ድንኳን አሥር ዓመት በየክረምቱና በየበጋው የሚያገለግል ከሆነ፣ ሁለት ጊዜ ተዘርግቶ ከሚጣል የሃምሳ ዶላር ድንኳን ይልቅ ከኢስራፍ የራቀ ነው። ወሰኑ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው። የመጀመሪያው ድንኳን ለጉዞው ተገዛ፤ የመጀመሪያው ደህና ሆኖ ሳለ ሁለተኛው ለምን ተገዛ? ለዚህ ጥያቄ ጉዞው መልስ የለውም። መልሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ በአዲስ ነገር ደስታ፣ ከባልንጀራ ላለማነስ፣ ወይም መሄድ ያልቻለ ሰው በመግዛት የሄደ መስሎ ስለሚሰማው። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የሚያሳዝን ነው። ሰውዬው ማታ ማታ ስለ ዕቃ ክብደት ሲያነብ ያመሻል፤ ብስክሌቱ ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል።

ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ‹‹ፓታጎንያ›› የተባለው የአሜሪካ የልብስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011፣ አገሩ ሁሉ ለግዢ በሚራኮትበት ቀን፣ የራሱን ጃኬት ሥዕል በኒውዮርክ ታይምስ ላይ አውጥቶ ሰዎች እንዳይገዙት የሚነግር ማስታወቂያ አስነበበ። ለአንዱ ጃኬት 135 ሊትር ውሃ እንደሚፈስም ጻፈ። ቅንነት ነው የሚሉ አሉ፤ ብልጠት ነው የሚሉም አሉ። ልባቸውን የሚያውቀው አላህ ነው። የድርጅቱ ሽያጭ ግን ከዚያ በኋላ አደገ እንጂ አልቀነሰም። እዩት እንግዲህ፣ ዙህድ እንኳ ዋጋ ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ ይወጣል።

ከረጢቱ ላይ የቀነስነው ክብደት የት ገባ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። የዝናብ ጃኬት ውሃ እንዳያስገባ ለረጅም ዘመን ‹‹ፒፋስ›› በሚባሉ ኬሚካሎች ይታከም ነበር። እነዚህ ኬሚካሎች በተፈጥሮ ስለማይፈርሱ ከፋብሪካው ወደ ወንዝ፣ ከወንዙ ወደ ሰው ደም ይገባሉ። ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ እነዚህ ሆን ተብለው የተጨመሩባቸው አዳዲስ ልብሶች እንዳይሸጡ አግደዋል፤ ለከባድ ዝናብ የሚሠሩት ላይ ግን የጊዜ እፎይታ ሰጥተዋል። ስለዚህ ተራራውን እወዳለሁ የሚል ሰው በተጨማሪ ጃኬቱ የሌላውን ሰው የመጠጥ ውሃ አበላሽቶ ሊሆን ይችላል።

በሸሪዓችን ግን የመንገደኛ ቅለት የሚገዛ አይደለም፤ በነጻ የተሰጠ ነው። ባለ አራት ረከዓው ሶላት ሁለት ይሆንለታል። ጾም ማቆየት ይፈቀድለታል። በኹፍ ላይ ማበስ ለነዋሪ አንድ ቀንና ሌሊት ሲሆን ለእርሱ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ ነው። ውሃ ካጣ አፈሩ ይበቃዋል። ወደ አላህ ቤት ሲሄድማ ሁለት ያልተሰፉ ጨርቆች ብቻ! ከኢሕራም የቀለለ የጉዞ ልብስ ማን ሠርቶ ያውቃል? የሚያሳፍረው፣ በሁለት ጨርቅ ሐጅ ያደረግን ሰዎች ስንመለስ ጂዳ አውሮፕላን ማረፊያ በትርፍ ኪሎ ስንከራከር መገኘታችን ነው። እንግዳ መጥቶ እንኳ ከማይወጣበት ቡፌ ውስጥ የተቆለፈው ሰሃናችንም ከነጮቹ የቁምሳጥን ድንኳን ጋር ወንድማማች ነው። እነርሱን ብቻ አንዝለፍ።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ዑለማእ እንዳስተማሩን ለንግድ ባልሆነ፣ ለግል መገልገያ በተያዘ ዕቃ ላይ ዘካ የለም። ይህ ከአላህ እዝነት ነው። ነገር ግን የሚያስከትለውን እንመልከት። የወርቅና የገንዘብ ባለቤት ዓመት በሞላ ቁጥር ተቀምጦ ያለውን ለመቁጠር ይገደዳል። የሦስት ድንኳን ባለቤት ግን የሚቆጥርበት ቀን የለውም። ማንም ‹‹ስንት አለህ?›› ብሎ አይጠይቀውም። እስከ መቼ? የሱረቱ-ት-ተካሡር የመጨረሻ አንቀጽ ስለ ጸጋው የምንጠየቅበት ቀን መኖሩን ያስታውቀናል። በዚያ ቀን ኒሳብ መሙላት አለመሙላቱ አይጠየቅም።

ታዲያ ቀድሞ የተከማቸውስ ምን ይሁን? መጣል ጥፋት ላይ ጥፋት ነው። የመርካቶዎቹ የምናለሽ ተራ ሰዎች ማንም የማይፈልገውን ቆርቆሮና ብሎን መልሰው ለሰው ጥቅም ሲያውሉ ከብዙ ባለጸጋ የበለጠ ጥበብ አላቸው። የእኔ ሐሳብ ግን ወደ ሱረቱል ማዑን የሚወስድ ነው። በዚያ ሱራ መጨረሻ አላህ (ሱ.ወ) ‹‹ማዑን›› የሚከለክሉትን ይወቅሳል። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) በነቢዩ ዘመን ማዑን የሚሉት ባልዲና ድስት ማዋስን እንደነበር ተናግረዋል። ከእነዚህ ተራ ዕቃዎች ነው ወቀሳው የመጣው። በዓመት ሦስት መቶ ሃምሳ ቀን የሚተኛ ድንኳን ከዚህ በምን ይለያል? ለንደን ወይም ዋሽንግተን ባለ መስጊድ አንድ ጥግ ላይ ሁለት ድንኳን፣ ጥቂት የመኝታ ከረጢትና የብስክሌት ከረጢቶች ቢቀመጡ፣ ለመግዛት አቅም የሌለው የስደተኛ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ተራራ መውጣት ይችላል። እዚህም አዲስ አበባ በየሰፈሩ ለሰርግና ለለቅሶ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት በጋራ ገዝቶ መጠቀም የታወቀ ነውና ልማዱ አለን። ከዚያ ወደ ጉዞ ዕቃ ማሻገሩ ብቻ ነው የቀረን።

መዋስ ያሳፍራል የሚል ካለ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ ሑነይን ሲዘምቱ የጦር ልብስ የተዋሱት ገና ካልሰለመው ከሰፍዋን ኢብን ኡመያ ነው። መካ በእጃቸው ነበረች። ሰፍዋን ‹‹በጉልበት ልትወስዱብኝ ነውን?›› ብሎ ጠየቀ፤ እርሳቸውም ተመላሽ ዋስትና ያለው ውሰት መሆኑን አረጋገጡለት። ከዘመቻው በኋላ ከጦር ልብሶቹ ጥቂቱ ጠፍቶ ተገኘ፤ ሊከፍሉት ሲጠይቁት ሰፍዋን ልቡ ተለውጦ ነበርና አልቀበልም አለ።

በዚህ ሐዲስ መነሻነት የእኛ የሻፊዒዮቹ መዝሀብ የተዋሰ ሰው ለጠፋው ዕቃ ተጠያቂ ነው ይላል፤ በተፈቀደለት አጠቃቀም ያረጀውን ግን አይከፍልም። ሐነፊዮች ደግሞ ቸልተኛ ካልሆነ በቀር አይጠየቅም ይላሉ። ስለዚህ አዋሹና ተዋሹ ሳይለያዩ ቢነጋገሩ ይሻላል፦ ዚፑ ቢበጠስ ማን ያሠራል፣ ምሰሶው ቢሰበር ማን ይተካል። ድንኳን ደግሞ ርጥብ ሳለ ከተጠቀለለ ይሻግታል። ተዋሹ ቤቱ እንደገባ ዘርግቶ፣ ፀሐይ አስመትቶ፣ ጭቃውን ጠርጎ ይመልስ።